ስለ አንድ የቆዳ ክሊኒክ፦ የሚላጥ ከንፈር፣ የሚቧጠጥ ቆዳና ከጀርባቸው ያለው ጭንቀት

ከንፈሩ ሳይድን በየጊዜው የሚላጥ፣ የአፉ ዙሪያ ቀልቶ የሚጠቁር፣ ወይም ክንዱንና ፊቱን እየቧጠጠ የሚያቆስል ሰው በቤታችሁ ካለ ይህ ጽሑፍ የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል። የምገመግመው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የግል የቆዳ ሕክምና ክሊኒክ ለታናሽ እህቴ የሰጠውን አገልግሎት ነው። ክሊኒኩን ከሌሎቹ የሚለየው የቆዳ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ የታካሚ ካርድ ላይ እየጻፉ አብረው መሥራታቸው ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ከምስጋናው ጋር ቅሬታም አለኝ፤ ደግሞም አንባቢ ይህን ክሊኒክ ባያገኘው እንኳ በሚሄድበት ቦታ ምን መጠበቅና ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

እህቴ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ብሔራዊ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ፣ በዚያም ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ ተፈታኝ ልጅ ያለበት ቤት በምን ዓይነት ስጋት እንደሚሰነብት ወላጆች ያውቁታል። የእሷ ስጋት ግን በቃል አልወጣም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችውና በከንፈሯ በኩል ወጣ። መጀመሪያ ድርቀት፣ ቀጥሎ ስንጥቅ፣ ከዚያም በየቀኑ የሚነሣ ቅርፊት መጣ፤ እያደርም ከአፍንጫዋ ሥር እስከ አገጯ ድረስ አፏን የከበበ ጠቆር ያለ ቀለበት ተሠራ። ክንዷ ላይ ደግሞ አንዳንዱ የደረቀ፣ አንዳንዱ ገና ደም የሚያዣቸው ትንንሽ ቁስሎች ነበሩ፤ እነሱን በረጅም እጅጌ ትሸፍናቸው ስለነበር ክሊኒክ እስክንሄድ ድረስ ከቤተሰቡ ማንም አላያቸውም።

በእኛ አገር ከንፈር ላይ የወጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በምች ነው። እናታችንም «ፀሐይ ላይ ውለሽ ምች መትቶሽ ነው፣ ልጄ» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ቀባቻት። ለዳማከሴ ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ ምች ብለን የምንጠራው የከንፈር ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ በተባለ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ከመውጣቱ በፊት ቦታውን ይወጋጋል ወይም ያቃጥላል፤ ከዚያ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች አንድ ቦታ ተሰብስበው ይወጡና ፈንድተው ይደርቃሉ፤ ብዙውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል። ቫይረሱ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ በትኩሳት፣ በፀሐይና በጭንቀት ጊዜ ስለሚቀሰቀስ ምችም ቢሆን ከጭንቀት ጋር ዝምድና አለው። የእህቴ ከንፈር ግን ውኃ የቋጠረበት ጊዜ አልነበረም። ወራት ሙሉ ያለማቋረጥ ይላጥ ነበር፤ ይህ ብቻውን ነገሩ ሌላ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት እንደሆነ የተረዳነው ሐኪሟ ሲያስረዱን ነው።

ከዳማከሴው ቀጥሎ የመጣው ግን ጉዳት አደረሰ። «ለፊት ተስማሚ ነው» ተብሎ ከመዋቢያ መደብር ያለ ማዘዣ የተገዛ ክሬም ነበር፤ ማሸጊያው ላይ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን ያነበብነው ቆይተን ሲሆን፣ ውስጡ ክሎቤታዞል አለበት። ክሎቤታዞል በቆዳ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች (የቆዳን መቆጣት ከሚያበርዱ መድኃኒቶች) ሁሉ በጣም ኃይለኛ ከሆኑት የሚመደብ ነው፤ ሐኪም ለወፍራም ቆዳና ለተወሰነ ጊዜ ሊያዘው ይችላል፣ ፊትና ከንፈር ላይ ግን ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ቅላቱን ስለሚያጠፋ ሰው ይደሰትበታል። ሲቆም ቅላቱ ብሶ ይመለሳል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ በአፍ ዙሪያ ትንንሽ ቀያይ ሽፍታዎች ይወጣሉ፤ ሰውም ሽፍታውን ለማጥፋት ያንኑ ክሬም እንደገና ይቀባል። በየሱቁ መደርደሪያ ላይ እንደ ሎሽን ተደርድሮ የሚሸጠው ይህ ዓይነቱ ክሬም ስንት ፊት እንዳበላሸ ሳስብ አዝናለሁ።

ወደ ክሊኒኩ ልመለስ። የመጀመሪያው ምርመራ ከምንም በላይ ያስደሰተኝ ክፍል ነው። ሐኪሟ ወዲያው መብራት አብርተው ከንፈሯን አልያዙም። «እስቲ ቁጭ በይ፤ ስለ ትምህርትሽ ንገሪኝ» ብለው የትኛው ትምህርት እንደሚከብዳት፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ ሌሊት ብንን ብላ እንደሆነ፣ የምግብ ፍላጎቷ እንዴት እንደሆነ ጠየቋት። እህቴ ስለ ሒሳብ ስትናገር የታችኛውን ከንፈሯን ወደ ውስጥ ትስባለች፣ ትልሳለች፣ መልሳ ትስባለች። ሐኪሟ እያዳመጡ ይህን ሁሉ ያያሉ፤ አላቋረጧትም። ጨዋታው ካበቃ በኋላ የእጅ መስታወት ሰጧትና «አሁን ምላስሽን አውጥተሽ እስከቻልሽው ድረስ በከንፈርሽ ዙሪያ አዙሪው» አሏት። አዞረችው። የምላሷ ጫፍ የደረሰበት መስመርና ጥቁሩ ቀለበት ያበቃበት መስመር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ከቀለበቱ ወጣ ብሎ ያለው ቆዳ ፍጹም ጤነኛ ነበር።

«አየሽ፣ ምላስሽ በደረሰበት ልክ ነው የታመመው» አሏት ሐኪሟ። «ጥፋት ሠርተሽ አይደለም። ሲጨንቅሽ ሳታውቂው የምታደርጊው ነገር ነው፤ መቼ መቼ እንደምታደርጊው አብረን እንፈልገዋለን።» እህቴ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ ክንዷን አሳየቻቸው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ያን ክንድ ሳይ የተሰማኝን እዚህ መጻፍ አልፈልግም። ሐኪሟ ግን ፊታቸው ላይ ድንጋጤ አልታየም። ጀርባዋንም ለማየት ፈቃድ ጠይቀው አዩ። እጇ በሚደርስበት ትከሻዋ ላይ ጠባሳ አለ፤ እጅ ሊደርስበት የማይችለው የጀርባዋ መካከል ንጹሕ ነው። የቆዳ ሐኪሞች ይህን ንጹሕ ቦታ ከቅርጹ የተነሣ የቢራቢሮ ምልክት ይሉታል፤ ቁስሉ ከውስጥ የመጣ ሽፍታ ሳይሆን በራስ እጅ የተቧጠጠ መሆኑን ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምንለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚገልጠው እንደማይወቅሱት ሲያውቅ ነው፣ ይህ ክሊኒክም ይህን ያውቅበታል።

ለምን ከንፈር እንደሚጠቃ የሰጡን ማብራሪያ ግልጽ ስለነበር ባጭሩ ላስተላልፈው። የከንፈር ቀዩ ክፍል እንደ ሌላው ቆዳ ላብ የሚያመነጭ ዕጢ የለውም፣ የላይኛው ሽፋኑም በጣም ስስ ነው፤ ስለዚህ እርጥበቱን በፍጥነት ያጣል። ሰው ሲልሰው ለጊዜው ይርሳል፣ ምራቁ ሲተን ግን ከበፊቱ የበለጠ ይደርቃል። ምራቅ ደግሞ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ስላሉበት ደጋግሞ ሲነካው ስሱን ቆዳ ያስቆጣዋል። የደረቀው ከንፈር ያሳክካል፣ ያ ደግሞ እንደገና ያስልሳል፤ የተነሣው ቅርፊት በጥርስ ወይም በጥፍር ሲላጥ ከሥሩ ያለው ያልበሰለ ቆዳ ይገለጣል፣ እሱም ገና ሳይጠነክር ይላጣል። በሌላ በኩል ጭንቀቱ ራሱ የቆዳን ጥገና ያዘገያል። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የሕክምና፣ የጥርስ ሕክምናና የፋርማሲ ትምህርት የሚከታተሉ 27 ተማሪዎችን ከእረፍት እንደተመለሱ፣ በማጠቃለያ ፈተና ሰሞንና ከፈተናው በኋላ መርምሮ ነበር። የላይኛውን ቆዳ በሚያጣብቅ ቴፕ ጥቂት ካነሡለት በኋላ ቆዳው ራሱን የሚጠግንበት ፍጥነት በፈተናው ሰሞን ቀንሶ ተገኝቷል። እህቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ብቻዬን አይደለሁማ» አለች፤ ለእኔ ይህች ዓረፍተ ነገር የካርድ ክፍያውን ያህል ዋጋ ነበራት።

ሐኪሟ ነገሩን ሁሉ ለጭንቀት አሸክመው አለመተዋቸውንም እወድላቸዋለሁ። ከንፈር በብዙ ምክንያት ይታመማል። የአፍ ማዕዘን ተሰንጥቆ የሚነጭ ከሆነ ካንዲዳ የተባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ወይም የብረትና የቢ ቫይታሚኖች እጥረት ይጠረጠራል፤ ጥርሳቸው በወለቀ ሽማግሌዎችም ምራቅ በማዕዘኑ ስለሚጠራቀም ይብሳል። ቀረፋና ሜንቶል ያለበት የጥርስ ሳሙና፣ ሽቶ ያለው ሊፕስቲክና የከንፈር ቅባት አለርጂ ሊያመጡ ይችላሉ። ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን የተባለው እንክብል የወሰደውን ሰው ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ከንፈር ያደርቃል። ፀሐይም አለች፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች የፀሐዩ ጨረር ከቆላው ይበረታል፣ ዓመታት ሙሉ ደጅ የሚሠራ ሰው የታችኛው ከንፈሩ ነጣ ብሎ ሊሻክር ይችላል። ከሳምንታት በኋላም ያልዳነ፣ በተለይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠጥሮ ወይም ቆስሎ የቀረ የከንፈር ቁስል ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት፤ ይህን «ጭንቀት ነው» ብሎ ማሳለፍ አደገኛ ነው። ለእህቴ የታዘዘው ምርመራ የደም ማነስና የብረት መጠን እንዲሁም ከአፏ ማዕዘን የፈንገስ ናሙና ብቻ ነበር። ገና ሳይጠይቁ ረጅም የላቦራቶሪ ዝርዝር ከሚያስይዙ ቦታዎች ጋር ሳወዳድረው ይህ ቁጥብነት በሙያቸው መተማመናቸውን ያሳያል።

የታዘዘላት መድኃኒት ደግሞ ከጠበቅነው በታች ቀላል ነበር፦ ሽቶም ቀለምም የሌለው ነጭ ቫዝሊን። የበለጠ ውድ ነገር ካልተሰጠን ሕክምና የተደረገልን የማይመስለን ብዙዎች ነን፣ ስለዚህ ስለ ቫዝሊን ጥቂት ልበል። ሮበርት ቺዝብሮ የተባለ ኬሚስት በ1872 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘበት ይህ ቅባት ቆዳን አያረጥብም፤ ሥራው ከውስጥ የሚወጣውን እርጥበት ማገድና ምራቁ ስሱን ቆዳ እንዳያገኘው መጋረድ ነው። አለርጂ የሚያመጣው እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ስለሆነ ለተቆጣ ከንፈር ከብዙ ባለ መዓዛ የከንፈር ቅባት ይልቅ እሱ ይመረጣል። እህቴ ከምግብ በኋላ፣ ከመተኛቷ በፊትና ከንፈሯን ለመላስ በተመኘች ቁጥር በስሱ እንድትቀባ ተነገራት። በአፏ ዙሪያ ላለው የተቆጣ ቆዳ ሃይድሮኮርቲዞን የተባለ ዝቅተኛ ኃይል ያለው ስቴሮይድ ለጥቂት ቀናት ብቻ ታዘዘላት፣ የሚቆምበት ቀንም በማዘዣው ላይ በጉልህ ተጻፈ። ከዚህ ሌላ ሊፕስቲክ፣ ሜንቶል ያለበት ቅባትና ጣዕም ያለው የጥርስ ሳሙና ከንፈሯ እስኪድን እንዲቀሩ ተደረገ። ቫዝሊኑ ስንጥቁን አለሳለሰው፣ ቅርፊቱም ቀነሰ። የመላሱን ልማድ ግን ቅባት ሊያስቆመው አይችልም፤ ክሊኒኩም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ሳይደብቅ ነግሮናል።

ለዚህ ነው የሥነ ልቦና ባለሙያው ክፍል የዚህ አገልግሎት ዋና ዋጋ ነው የምለው። የሠሩባት ዘዴ በ1973 እ.ኤ.አ. ናታን አዝሪንና አር. ግሪጎሪ ነን የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነት ልማዶች ያቀረቡት ልማድን የመቀየር ሥልጠና ነው፤ ጥፍር ለሚነክሱ፣ ፀጉር ለሚነቅሉና ቆዳ ለሚቧጥጡ ሰዎች እስከ ዛሬ ይሠራበታል። መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ መቁጠር ብቻ ነበር። ትንሽ ደብተር ይዛ እጇ ወይም ምላሷ ወደ ከንፈሯ ሲሄድ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያኔ በልቧ የነበረውን ነገር ትጽፋለች፤ ለማቆም እንዳትሞክር እንኳ ተነግሯት ነበር። ከደብተሩ የወጣው ነገር ሁላችንንም አስገረመን። አብዛኛው መላስና መላጥ የሚሆነው ከባድ ጥያቄ ስትሠራ ሳይሆን ስልኳን ይዛ የጓደኞቿን የጥናት ወሬ ስታነብ ነበር፤ ክንዷን የምትቧጥጠው ደግሞ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆማ ነበር። የሚያስጨንቃት ከትምህርቱ ይልቅ ከሌሎች ጋር መወዳደሩ እንደሆነ የታወቀው በዚህ ነው። ማንም ሰው ፊት ለፊት ጠይቋት ይህን አልተናገረችም ነበር።

ቀጥሎ ስሜቱ ሲመጣ በምትኩ የምታደርገውን ነገር አስተማሯት፦ ከንፈሯን ገጠም አድርጋ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ መተንፈስ፣ እጇ ሥራ ከፈታ ደግሞ ጡጫዋን ጨብጣ ወይም እርሳስ ይዛ ስሜቱ እስኪያልፍ መቆየት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዋናው ምስጢር ምትኩ ድርጊት ከመላሱ ጋር አብሮ ሊሆን የማይችል መሆኑ ነው፣ የተገጠመ ከንፈር አይላስምና። የመታጠቢያ ቤቱ መብራት እንዲደበዝዝና በዚያ የምትቆይበት ጊዜ እንዲያጥር፣ ጥፍሯ እንዲከረከም፣ ማታ ክንዷ በስስ ጨርቅ እንዲሸፈን ተደረገ። ከዚህም በኋላ ባለሙያው እናታችንን አስጠሩ። በየቤታችን የተለመደው «ተይ!»፣ «እጅሽን አውርጂ!»፣ «ከንፈርሽን ልትጨርሺው ነው እንዴ!» የሚለው ተግሣጽ ጭንቀትና ኀፍረት እየጨመረ ልማዱን እንደሚያጠናክር በትሕትና አስረዷት፤ በቦታው እናትና ልጅ ብቻ የሚያውቁት ድምፅ የሌለው ምልክት እንዲኖራቸው ጠየቁ። «እሺ ልጄ፣ እኔ ነጠላዬን ነካ አደርጋለሁ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ» አለች እናታችን። ባለሙያው ለእናታችን ሲናገሩ «እርስዎ ነዎት ዋናዋ አጋዣችን» ማለታቸውን አልረሳውም፤ ተወቃሽ ሆና የመጣች እናት ሥራ ተሰጥቷት ወጣች።

ይህ ሕመም የተሰየመና የታወቀ መሆኑን ማወቅ ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ስለሚሰጥ ጥቂት ልጨምር። ቆዳን ደጋግሞ መቧጠጥ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ማኅበር የምርመራ መመሪያ አምስተኛ እትም ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል፤ የተመደበውም ሐሳብና ድርጊት ሳያቋርጥ ከሚደጋገምባቸው ሕመሞች ጎራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባም አካል ላይ ያተኮሩ ተደጋጋሚ ድርጊቶች በሚል ዘርፍ ይዞታል። በአሜሪካ በተደረገ የስልክ ጥናት 1.4 በመቶ የሚሆኑ አዋቂዎች መስፈርቱን አሟልተው ተገኝተዋል፤ ለሕክምና ከሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሁሉም ሰው የሚቧጥጠው ስለተጨነቀ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ ሥራ ሲፈታ፣ አንዳንዱም ቆዳው ላይ የተሰማው ሻካራ ነገር አላስቀምጥ ሲለው ነው። ሥልጠናው ብቻውን ካልበቃ የአእምሮ ሐኪም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ኤን-አሴቲልሲስቲን የተባለው መድኃኒት በ66 አዋቂዎች ላይ ለ12 ሳምንት ተሞክሮ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ ጥናቱን ከጨረሱት መካከል መድኃኒቱን ከወሰዱት 47 በመቶው፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 19 በመቶው በግልጽ ተሻሽለዋል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ይሁንና አንድ ትንሽ ጥናት ነው፣ ማንም ሰው በራሱ ገዝቶ እንዲጀምረው አልመክርም። ለእህቴ መድኃኒት አላስፈለጋትም። ባለሙያው ግን ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ራሷን ለመጉዳት ወይም ሕይወቷን ለማጥፋት አስባ ታውቅ እንደሆነ በቀጥታ ጠየቋት። ጥያቄው ለእኛ ቤተሰብ ከብዶን ነበር፤ መጠየቁ ግን ትክክል ነው፣ የማይጠይቅ ባለሙያም ሥራውን አልጨረሰም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። የመጀመሪያው ምስጢር አጠባበቅ ነው። በሐኪሞቹ ክፍል የነበረው ጥንቃቄ በእንግዳ መቀበያው ፈርሷል። ሰው በሞላበት መጠበቂያ ውስጥ ተራ የምትጠራዋ ልጅ «ለሳይኮሎጂስት የመጣችው ማናት?» ብላ ጮኻ ስትጠራ እህቴ ከወንበሯ አልተነሣችም፤ እኔ ሄጄ ነው ስማችንን የነገርኩት። የአእምሮ ጉዳይ ገና በሹክሹክታ በሚወራበት ከተማ ውስጥ፣ ለዚህ ሕመም ብሎ የተቋቋመ ክሊኒክ እንዲህ ማድረጉ አሳዝኖኛል። በካርድ ቁጥር መጥራት ምንም ወጪ አይጠይቅም። ቅሬታዬን በአስተያየት ሳጥን አስገብቻለሁ፣ በመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች ላይም በስም ብቻ መጥራት እንደጀመሩ አይቻለሁ።

ሁለተኛው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው የሚገቡት በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ ቀጠሮ ይርቃል። ልማድን የመቀየር ሥልጠና መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ካልተከታተሉት ይላላል፤ ከፈተናው በፊት በነበሩት ወሳኝ ሳምንታት ቀጠሮአችን ተላልፎብን በስልክ እንኳ የሚያነጋግራት ሰው አላገኘንም። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ የቆዳ ሐኪሙና የሥነ ልቦና ባለሙያው ክፍያ ለየብቻ ነው፣ ይህም በመጀመሪያው ቀን በግልጽ አልተነገረንም። ሦስተኛው፣ የተሰጠን የመመሪያ ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ ነበር። እናታችን በእጇ ይዛ «ምን ይላል?» ስትል ተርጉሜ አነበብኩላት፤ እንዲህ ያለውን ምክር በዋናነት የሚያስፈጽሙት እናቶች ሆነው ሳለ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች አለመዘጋጀቱ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው። ከዚህ ሌላ መውጫው ላይ ባለው መደርደሪያ ከውጭ የመጡ ውድ የከንፈር ቅባቶች ይሸጣሉ፤ ሐኪሟ ያላዘዙትን ሻጯ «ይኼ ይሻላታል» ብላ ልትሰጠን ስትሞክር አልወደድኩትም። ቅባቱ ላይ የተጻፈውን ሳነበው ሜንቶል አለበት።

ውጤቱን በተመለከተ፣ የእህቴ ከንፈር ስንጥቅ ተዘግቷል፣ ቀለበቱ ደብዝዟል። ጥቁሩ ቀለም ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ወራት እንደሚወስድ ተነግሮናል፤ የእኛ ዓይነት ቆዳ ከተቆጣ በኋላ ጠቆር ብሎ ስለሚቆይ ይህን ለማፋጠን ማንጫ ክሬም መቀባት ነገሩን እንደሚያባብስ ጭምር አስጠንቅቀውናል። ክንዷ ላይ አዲስ ቁስል እየቀነሰ ሄዷል፣ አልፎ አልፎ ግን ይመለሳል፤ በፈተናው ሳምንት ተመልሶ ነበር። ባለሙያው መመለሱን አስቀድመው ስለነገሯት ደብተሯን አንሥታ መጻፍ ጀመረች እንጂ ተስፋ አልቆረጠችም። ለዚህ ነው፣ ከነጉድለቱ፣ ይህን አሠራር ለሌሎች የምመክረው፤ ከዚህ በፊት በሄድንባቸው ቦታዎች ሁሉ ክሬም ተሰጥቶናል፣ እንዴት እንደምትተኛ የጠየቃት ግን አልነበረም።

የግል ክሊኒክ ዋጋ የሚከብደው ሰው በአዲስ አበባ ለቆዳ ሕክምና የአለርት ሆስፒታል፣ ለአእምሮ ጤና ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መኖራቸውን ያስታውስ፤ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፣ ሪፈር ለመጻፍም ጤና ጣቢያ ይበቃል። ወደየትም ብትሄዱ በፊትና በከንፈር ላይ የተቀባውን ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙናውን ጨምሮ፣ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ታካሚው ልጅ ከሆነም ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ከሐኪሙ ጋር እንዲነጋገር ክፍሉን ልቀቁለት፤ እህቴ ስለ ጓደኞቿ የነገረቻቸው እኔ ውጭ ተቀምጬ በጠበቅኩባቸው ደቂቃዎች ነው።